አብሮ የመሆን ዕቅድ፦ ከሕፃናት ጋር ወደ መዝናኛ ፓርክ ስንሄድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሜሪካ የምንኖር ወላጆች ልጆቻችን ትምህርት ቤት ከገቡበት ዕለት ጀምሮ በየዓመቱ ከምንሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «ዲዝኒ ወርልድ የምንሄደው መቼ ነው?» የሚለው ነው። የክፍል ጓደኞቻቸው ደርሰው ሲመለሱ የአይጥ ጆሮ ያለው ኮፍያ ደፍተው ይመጣሉ፤ ፎቶግራፍ ያሳያሉ፤ ያልሄደው ልጅም ወደ ቤቱ ጥያቄ ይዞ ይገባል። ወላጅ በበኩሉ የልጁን ምኞት፣ የኪሱን ዐቅም፣ የሥራውን ፈረቃ፣ የጾሙንና የቅዳሴውን ቀን እያሰበ መልስ ይቸግረዋል። በሰንበት ትምህርት ቤታችን የወላጆች ጉባኤ ላይ ይህ ጉዳይ ደጋግሞ ስለ ተነሣ፣ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ቤተሰባችን ያደረገውን ጉዞ እንዴት እንዳቀድነው መጻፍ ወደድሁ።

እኛ ስድስት ነን፤ ባለቤቴ፣ እኔ፣ ሦስት ልጆቻችንና አማቴ። ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ማለዳ ወደ ሥራ እወጣለሁ። እርሱ ሲገባ እኔ በር ላይ ነኝ። ልጆቻችን ሁለታችንንም በአንድ ማዕድ የሚያገኙን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ስምንት ዓመት የሆናት ልጃችን ስለ ቤተሰቧ እንድትጽፍ በትምህርት ቤት በታዘዘች ጊዜ ጽሑፏን የጀመረችው «አባቴ ቀን ይተኛል» ብላ ነበር። ስለዚህ የዕቅዱን ወረቀት ስናዘጋጅ በራሱ ላይ «አብረን የምንሆንበት ሳምንት» ብለን ጻፍን። ሌላው ውሳኔ ሁሉ በዚህ ቃል የተመዘነ ነው።

ስለ ቦታው ጥቂት

ዋልት ዲዝኒ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ራሱ እንደ ተናገረው በሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ ልጆቹ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ሊኖር ይገባል የሚለው ሐሳብ የመጣለትም በዚያ ነው። የመጀመሪያው ፓርክ ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያ አናሃይም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1955 ተከፈተ። ቀጥሎም በፍሎሪዳ ኦርላንዶ አጠገብ 27,000 ኤከር ያህል መሬት፣ ዋጋው እንዳይንር በሌሎች ኩባንያዎች ስም በጸጥታ ተገዛ። ዲዝኒ ግን እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ሞተ ዲዝኒ ወርልድ በጥቅምት 1 ቀን 1971 ሲከፈት አላየም። ዛሬ በዚያ አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉ።

ታሪኩን ማንሣቴ ለምክንያት ነው። ቦታው የታሰበው ወላጅ ከዳር ተቀምጦ እንዳይቀር ነበር። ዛሬ ግን ያልታሰበበት ጉዞ ወላጅን መልሶ ወደ ዳር ያወጣዋል። አንዱ በስልኩ የሰልፍ ሰዓት ሲፈልግ፣ ሌላው ጋሪና ሻንጣ ሲገፋ፣ ልጆቹ ከአንዱ መጫወቻ ወደ ሌላው ሲጎተቱ ቀኑ ያልቃል። ብዙ የተከፈለበት ቀን ስለ ሆነ ማንም «ደከመኝ» ለማለት አይደፍርም፤ ሕፃን ሲደክመው ግን ያለቅሳል፤ ወላጅም ይቈጣል። ዕቅድ የሚያስፈልገው ይህን ለመከላከል ነው።

ቀኑን መምረጥ

በምንኖርበት አካባቢ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት አጽዋማት አሉ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን፣ በፈረንጆች ጁላይ 12 ይፈታል። ጾመ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። ፍልሰታ ሕፃናት ሳይቀሩ በፍቅር የሚጾሙት፣ እያስቀደሱ የሚቈርቡበት ወቅት በመሆኑ በዚያ ሱባዔ ልጆችን ከቤተ ክርስቲያን አርቆ ወደ መዝናኛ መውሰድ አልፈለግንም። ስለዚህ ከሐምሌ 6 እስከ 30 ያሉት ሃያ አምስት ቀናት ቀሩልን። ከእነዚህም ውስጥ የሐምሌ ገብርኤልን በደብራችን አክብረን፣ በማግሥቱ እሑድ አስቀድሰን ለመነሣት ወሰንን።

እነዚህ ቀናት ፍሎሪዳ እጅግ የምትሞቅባቸውና ሰው የሚበዛባቸው መሆናቸውን እናውቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ የተለመደ ነው፤ መብረቅ ሲቃረብ ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ሆኖም አንድ ጥቅም ነበረው፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነጻ ይገባል፤ የመጨረሻዋ ልጃችን ደግሞ ሦስት ዓመት የሚሞላት በመስከረም ነበር። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉት የልጅ ዋጋ ሲከፍሉ ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ እንደ ዐዋቂ ይከፍላል። ወላጆች የልጆቻቸውን የልደት ቀን ከጉዞው ቀን ጋር ቢያስተያዩ መልካም ነው።

የአማቴ ጥያቄ

የመግቢያው ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ሰው በሚበዛበት ወቅት ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር በላይ ነው። መኪና ማቆሚያ፣ ማደሪያና ምግብ ለብቻ ይታሰባሉ። እኛ ያሰብነው ዕቁባችን ሲወጣ እንድንከፍል፣ በብድር ካርድ አንድም ዶላር እንዳናወጣ ነበር። ዐሥራታችንና ለቤተሰብ የምንልከውም እንዳይነካ ተስማምተናል።

አንድ ማታ ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ሳለ አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነው? በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ስንቱ ይማርበት ነበር!» አሉኝ። በቁጣ የተናገሩት አልነበረም። እኔም ባለቤቴም ዝም አልን፤ ምክንያቱም ጥያቄው እውነት ነበር። ለልጆቻችን የምናወጣው ሁሉ በሌላው ልጅ ጕድለት ፊት የቆመ መሆኑን ስደተኛ ሁሉ በልቡ ያውቀዋል። በሌላ በኩል «አባቴ ቀን ይተኛል» የሚለው የልጃችን ጽሑፍም እውነት ነበር። አንዱን ጥያቄ በሌላው ማጥፋት አልቻልንም።

ከብዙ ምክክር በኋላ በመጀመሪያ አራት ያልነውን የፓርክ ቀን ወደ ሁለት አወረድነው። በተረፈው ገንዘብ ደብረ ብርሃን ያለችውን የባለቤቴን የእኅት ልጅ የትምህርት ክፍያ ላክን። ለትልቋ ልጃችንም ምን እንዳደረግንና ለምን እንደ ሆነ ነገርናት፤ ጥቂት አስባ «ስሟ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችን፤ ከዚያ በኋላ በስልክ ያነጋግሩ ጀመር። አማቴም «እንግዲያው እኔም እመጣለሁ፤ ለእኔ ግን አንድ ቀን ይበቃኛል» አሉ።

ቁመት መለካት

በዲዝኒ ወርልድ ለብዙዎቹ ፈጣን መጫወቻዎች የቁመት ወሰን አለ። «ስፔስ ማውንቴን» 44 ኢንች ወይም 112 ሳንቲ ሜትር፣ «ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን» 38 ኢንች ወይም 97 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። የአምስት ዓመቱ ልጃችን 42 ኢንች ነበር። ስለዚህ ከመሄዳችን ከሁለት ሳምንት በፊት ሦስቱንም ቤት ውስጥ በግድግዳው ላይ ለካናቸው፤ ለእርሱም የትኛው እንደሚፈቀድለትና የትኛው ለሌላ ጊዜ እንደሚቆየው አሳየነው። በዚያ ማታ አኰረፈ፤ ነገር ግን ያኰረፈው በቤቱ፣ በአያቱ ጉያ ሆኖ ነው። በሰልፍ መጨረሻ ላይ በሠራተኛ እጅ ተለክቶ በሕዝብ ፊት ቢመለስ የበለጠ ያዝን ነበር። ትንንሾቹ ያልደረሱበት መጫወቻ ላይ ወላጆች እንደገና ሳይሰለፉ የሚተካኩበት ሥርዓት አለ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ከሕፃኑ ጋር ይቆያል፤ ቀጥሎ ይቀያየራሉ። ይህንም በመግቢያው ላለው ሠራተኛ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ሰልፉን በተጨማሪ ክፍያ የሚያሳጥር «ላይትኒንግ ሌን» የሚባል መንገድም አለ። እኛ አልገዛነውም። ማለዳ በር ሳይከፈት ደርሰን፣ ሰልፍ የሚበዛበትን አስቀድመን፣ ከቀትር በኋላ ለመውጣት ቈረጥን።

አምስቱ ቀናት

ከዋሽንግተን አካባቢ እስከ ኦርላንዶ 850 ማይል ያህል ነው። በመኪና ከመንዳት ይልቅ ከቨርጂንያ ሎርተን ተነሥቶ ሌሊቱን ተጕዞ ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ የሚደርሰውን፣ መኪናንም አብሮ የሚጭነውን «አውቶ ትሬን» መረጥን። ባቡሩ ከመነሣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መኪናውን ማስረከብ ግድ ስለ ሆነ ዕቃውን ቅዳሜ ማታ ጭነን፣ እሑድ አስቀድሰን ከዚያው ሄድን። የልጆቹ ወንበር፣ ጋሪው፣ በበረዶ ሣጥን ያለው እንጀራ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ሁሉ ከመኪናው ጋር ተጓዘ።

በዚያ ሌሊት ሁላችንም ስንተኛ ባለቤቴ ሰውነቱ ሌሊትን ስለ ለመደ ነቅቶ ነበር። ልጃችን እኩለ ሌሊት ላይ ሲነቃ አባቱን ነቅቶ አገኘው። ጠዋት እንደ ነገሩኝ ሁለቱ በመስኮት የሚያልፉትን መብራቶች እየቈጠሩ ብዙ ሰዓት ተጫውተዋል። ይህ በዕቅዳችን ውስጥ አልነበረም፤ ጊዜ ሲገኝ ግን እንዲህ ያለው በራሱ ይመጣል።

ሰኞ ወጥ ቤት ባለው የኪራይ ቤት ዐረፍን። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት በመሆናቸው የፓርኩን ቀን ማክሰኞና ሐሙስ አደረግነው። ማክሰኞ ማጂክ ኪንግደም ገባን። መኪና የሚቆምበት ሥፍራ ከመግቢያው በሐይቅ የተለየ ስለ ሆነ በጀልባ ወይም በአንድ ሐዲድ በሚሄደው ባቡር መሻገር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ጊዜ መተው ይገባል። ሁላችንንም አብሮ ያሳፈረን «ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ» የተባለው የጀልባ ጉዞ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለዩኒሴፍ የተሠራ ሲሆን የቁመት ወሰን የለበትም። ጨለማና የሙታን መናፍስት የሚታዩበትን ቤት ግን ለትንንሾቹ ስንል አለፍነው። በሰልፍ ላይ ሳለን ስልክ የሚይዘው አንዳችን ብቻ ነበር፤ ሌላው ከልጆቹ ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያጠናል።

ረቡዕ የትም አልሄድንም። ትልቋ ጾመች፤ ሽሮ ሠራን፤ ከሰዓት በኋላ በመዋኛው ዳር ዋልን። ሐሙስ አማቴ አብረውን ወደ አኒማል ኪንግደም መጡ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው ይህ ፓርክ በምናብ የተሠራ የምሥራቅ አፍሪካ መንደርና በትልቅ ክፍት መኪና የሚጎበኝ የዱር እንስሳት ሜዳ አለው። ቀጭኔዎቹ መንገዱን ዘግተው መኪናው ሲቆም አማቴ «ከአፍሪካ መጥቼ ቀጭኔ ያየሁት አሜሪካ ነው!» ብለው ሲሥቁ በመኪናው ያሉት እንግዶች ሁሉ ሣቁ። ከቀትር በኋላ ደመናው ሲከብድ እኛ በመውጣት ላይ ነበርን። ዓርብ በባቡሩ ተመለስን፤ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ተገኘን።

ለወላጆች

ወደዚህ ጉዞ ለምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች ጥቂት ልጨምር። ከፓርኩ ውጭ የተዘጋጀ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የመስታወት ዕቃ ግን አይፈቀድም። በፈጣን ምግብ ቤቶቹ የበረዶ ውኃ ሲጠየቅ በነጻ ይሰጣል። በየፓርኩ ሕፃናት የሚጠቡበትና የሚቀየሩበት ቀዝቃዛ ክፍል አለ። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ልጆቻችሁን በለበሱት ልብስ ፎቶግራፍ አንሷቸው፤ ስልክ ቍጥራችሁን በክንዳቸው ላይ ጻፉ፤ ቢጠፉ ስሙ በደረቱ ላይ የተጻፈ ሠራተኛ እንዲፈልጉ አስተምሯቸው። ዕቅዳችሁንም በታናሹ ልጅ ጕልበት ልክ አድርጉት፤ እርሱ ሲደክመው ቀኑ አልቋል።

ይህ ወጪ ከዐቅማችሁ በላይ ቢሆን ልጆቻችሁ የጎደለባቸው አይምሰላችሁ። ከሐምሌ 6 እስከ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ አባትም እናትም ከሥራ የሚቀሩበትን አንድ ቀን አሁኑኑ በቀን መቍጠሪያው ላይ አክብቡ፤ ለአሠሪዎቻችሁም ሳይዘገይ አሳውቁ። እንጀራችሁን ይዛችሁ በሰፈራችሁ ወዳለው መናፈሻ ውረዱ። ልጆቹ በመጫወቻው ላይ ሲወጡ አግዳሚ ወንበሩን ለሌላ ሰው ተዉለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።