ሐበሻው ያሠራው መስጂድ



ኢስታንቡል የሄደ ሰው የሱልጣን አሕመድን መስጂድ ሳያይ አይመለስም። እኛም እዚያ የምትማረውን ልጃችንን ልንጠይቅ ከዳንግላ በሄድንበት ጊዜ በመጀመሪያ ያየነው እሱኑ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1609 እስከ 1616 የተሠራው ይህ መስጂድ ስድስት ሚናራዎች አሉት፤ ውስጡም ከ20,000 በሚበልጡ የኢዝኒክ ሴራሚኮች አጊጧል። ለማየት የመጣው በአንድ በር፣ ለሶላት የመጣው በሌላ በር ይገባል። እኛ በሰጋጆቹ በር ገባን፤ ሶላታችንን ከጨረስን በኋላ ግን እንደ ማንኛውም አገር ጎብኚ አንገታችንን ወደ ላይ ቀንተን ጉልላቱን ስናይ ቆየን። ሱብሐነላህ!

ይሁን እንጂ ዛሬ ልናጫውታችሁ የፈለግነው ስለ ሌላ መስጂድ ነው። በማግስቱ ልጃችን «የአገራችሁን ሰው መስጂድ ላሳያችሁ» ብላ ፋቲሕ ወደሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ቻርሻምባ ወደተባለ ሰፈር ወሰደችን። እዚያ የጎብኚ ሰልፍ የለም። መስጂዱ መጠነኛ ነው፤ አንድ ጉልላት፣ አንድ ሚናራ፣ በግድግዳው ላይ ያማሩ የኢዝኒክ ሴራሚኮች። በበሩ ላይ በተቀረጸው ጽሑፍ የአሠሪው ስም መሕመድ አጋ፣ የግንባታው መሐንዲስ ዳውድ አጋ፣ ዘመኑም 993 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1585 መሆኑ ተመልክቷል። የአሠሪው መቃብር እዚያው አጠገቡ ነው።

ይህ ሰው በታሪክ «ሐበሺ መሕመድ አጋ» ተብሎ ይታወቃል። ከሐበሻ ምድር በባርነት ተወስዶ፣ ተሰልቦ፣ ለኦቶማን ቤተ መንግሥት የተሰጠ ጃንደረባ ነው። በሱልጣን ሙራድ 3ኛ ዘመን የሐረሙ ጠባቂዎች ሁሉ አለቃ እስከ መሆን ደረሰ። የመካና የመዲና ወቅፎች ቁጥጥርም በእርሱ ጊዜ ለዚሁ ሹመት ተሰጠ።

ልጃችን ይህን ስትተርክልን ቆይታ «እናቱ ግን የት እንደደረሰ ሰምታ ይሆን?» አለችን። ዝም አልን። በእኛም አገር ሽማግሌዎች ስለ ባሪያ ፈንጋይ ሲያወሩ እየሰማን ነው ያደግነው። ከአገራችን የተፈነገለው ሰው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ በምጽዋ በኩል ደግሞ ወደ ባሕር ማዶ ይነዳ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

«ባሪያ ሆኖ ሄዶ ጌታ ሆነ» ብለው የሚያደንቁ አይጠፉም። እኛ ግን ሹመቱ በደሉን ያስረሳል አንልም። ሰውን መስለብ በሸሪዓችን የተከለከለ መሆኑን ዑለማዎች በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። አቡበክር ሐበሻዊውን ቢላልን ገዝተው ነፃ ማውጣታቸውንም ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። እንዲህ ሆኖ ሳለ የሙስሊም ነገሥታት ለዘመናት በጃንደረባ ሲገለገሉ ኖረዋል። ይህን መሸፈን ለዲናችን ክብር አይጨምርለትም።

ሰው ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ የማይቋረጡት ግን ሰደቀቱል ጃሪያ፣ ጠቃሚ ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግ ደግ ልጅ መሆናቸውን ተምረናል። ሐበሺ መሕመድ አጋን ልጅ ከልክለውታል። እሱ ግን በእጁ በቀረው በር ገባ፤ መስጂድ ሠራ። እነሆ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ሰው ይሰግድበታል። የዚያን ዕለት ዙህርን እዚያው ሰግደን፣ ከመቃብሩ አጠገብ ቆመን፣ ልጅ ለአባቱ እንደሚያደርገው ዱዓ አደረግንለት። ልጃችንም «አሚን» አለች።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! መስጂድ ስትጎበኙ ከጉልላቱ ውበት ጋር የአሠሪውንም ታሪክ ጠይቁ። ለዚህ ደግሞ ኢስታንቡል መሄድ አያስፈልግም። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ድንጋይ ተሸክመው፣ ውኃ ቀድተው፣ ጭቃ አቡክተው መስጂድ ያቆሙ አባቶችና እናቶች ስማቸው በየትኛውም በር ላይ አልተጻፈም። የሚያስታውሷቸው አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ልጆቻችን ደብተርና እርሳስ ይዘው ይጠይቋቸው። ስሙን የምናውቀውን ሰው በዱዓችን አንረሳውምና።

ወሰላሙ ዐለይኩም።