ንፋስ ልንገዛ አዳማ ወረድን

«ንፋስ ደግሞ በገንዘብ ይገዛል እንዴ?» ብላችሁ እንዳትስቁብን። ይገዛል! ያውም ውድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ አዳማ /ለለመዳት ናዝሬት/ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። የመመረቂያ ሥራዋ አንድን ሕንፃ መቶ ጊዜ አሳንሶ በካርቶንና በፕላስቲክ መሥራት ነው፤ ሞዴል ይሉታል። የመጀመሪያውን ሞዴል በብሩሽ ቀባችውና ግድግዳው በእበት የተለቀለቀ ጎጆ መሰለ። «ኤርብረሽ ያስፈልገኛል» አለች። ኤርብረሽ ማለት እስክሪብቶ የምታክል፣ ቀለምን በንፋስ እንደ ጉም የምትረጭ መሣሪያ ናት። ፈረንጆቹ በነሱ አቆጣጠር በ1870ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የፈለሰፏት ሲሆን፣ ያኔ ፎቶግራፍ ማስዋቢያ ነበረች። ዛሬ ከትንንሽ የአውሮፕላን ሞዴል እስከ ሠርግ ኬክ ድረስ ትቀባለች።

ልጅቷ ግን አንድ ጊዜ ተሸውዳለች። ከአንድ ሱቅ በባትሪ የምትሠራ፣ ሞተሩና መርጫው የተጣበቀ ርካሽ ዕቃ ገዝታ በሁለተኛው ሳምንት ዝም አለባት። አሁን በእጇ ያለው እናቷ እቁብ ሲወጣላት ቆንጥራ የሰጠቻት ገንዘብ ነው። ሁለተኛ ስህተት የሚችል ኪስ የለም። «ጋሼ፣ አብረኸኝ ካልሄድክ አልገዛም» አለችኝ። ምን ላድርግ? አሮጌ መኪናዬን አስነስቼ ከአዲስ አበባ አዳማ ወረድኩ።

አዳማ፤ ንፋስ የሞላባት ከተማ

የአዳማን ንፋስ ለማወቅ ሜትሮሎጂ መጠየቅ አያስፈልግም። ከከተማዋ አጠገብ የቆሙት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ምስክር ናቸው። አንደኛው 51፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ ናቸው። ለመብራት በረከት የሆነው ንፋስ ለቀለም ቀቢ ግን ጠላት ነው፤ አቧራ ተሸክሞ ይመጣል።

ወደ አንድ ጋራዥ ገባን። መኪና ሲቀቡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው አገኘን። ሲናገሩ በየመሃሉ ያስላቸዋል። የመጣንበትን ስንነግራቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ መርጫውን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ንፋስሽን እወቂ» አሏት። ከዚያ የትልቁን ኮምፕሬሰር ሆድ ከሥር ፈቱት። ቡናማ ውኃ ፏ ብሎ ወጣ! «አየሽ? አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ይሆናል። ካላወጣሽው ቀለምሽ ላይ እንትፍ ይልብሻል።» እሳቸው ቀለም የሚረጩት ንፋሱ ሳይነሳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነው። አቧራ እንዳይነሳ መሬቱን ውኃ ያርከፈክፉበታል።

«እርስዎ ጋ ያለውን መርጫ ብጠቀምስ?» ብላ ጠየቀች።

«ይሄ አፉ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለመኪና። ያንቺ ሕንፃ ላይ ብረጨው በሩም መስኮቱም ይጠፋል። ሻሸመኔ ማስታወቂያ የሚሥል ልጅ አለ፤ ትንሿን መሣሪያ እሱ ያውቃታል» ብለው ወደዚያ ላኩን።

መቂ፤ የፈነዳ ጎማ ትምህርት ቤት

ሞጆን በቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ አለፍን። ለነገሩ ቆዳም ሲያልቅ ቀለሙ የሚረጨው በንፋስ ነው። የቆቃን አካባቢ ጨርሰን መቂ ስንደርስ ጎማችን ተነፈሰ። የሽንኩርትና የቲማቲም አይሱዙ በሚተራመስበት ከተማ ጎሚስታ አይጠፋም። ጎማውን የሚለጥፈው ልጅ ወሬያችንን ሰምቶ፣ «መብራት ሲጠፋ ምን ልታደርጊ ነው?» አላት። ዝም አለች። ስኮርታ ጎማችንን በእግሩ መታ መታ አደረገና፣ «ይኸውልሽ መጠባበቂያሽ!» አለ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን እውነት ነው። የውጭዎቹ ሞዴል ሠሪዎችም ድሮ ኤርብረሽን ከመኪና ጎማ ጋር በቱቦ አገናኝተው ይረጩ ነበር። ድምፅ የለው፣ መብራት አይፈልግ። ችግሩ የቤት መኪና ጎማ ንፋስ የሚበቃው ለጥቂት ደቂቃ መሆኑ ነው። የጀመራችሁትን ግድግዳ ለመጨረስ ግን ያወጣችኋል። ከመሃል የግፊት መቆጣጠሪያ ይግባበት፤ ጎማውንም ራሱ ጎሚስታው ይሙላው።

ባቱ /ዝዋይ/ ሐይቁ ዳር ዓሣ በላን። ሐይቅ ዳር ማለዳው ርጥብ ነው። ልጅቷ ዓሣዋን እየበላች ሳለ ያ የጋራዡ ቡናማ ውኃ ትዝ አላትና «እዚህ ብኖር ማጠራቀሚያውን በየቀኑ ማራገፍ ነበረብኝ ማለት ነው» አለች። ትምህርቱ ገብቷታል ማለት ነው።

ሻሸመኔ፤ አየር የሚሳሳበት

መንገዶች በሚገናኙባት ሻሸመኔ ያ ሠዓሊ ልጅ አልደበቀንም። መሣሪያውን ሰጥቶ አስሞከራት። «ጣትሽን ወደ ታች ስትጫኚ ንፋስ፣ ወደ ኋላ ስትስቢ ቀለም። ሁለቱን ለየብቻ የምታዝዢበትን ያዢ፤ መጀመሪያ ያስቸግራል፣ በኋላ ትወጂዋለሽ።» አፉ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለሙ እንደ ወተት እስኪቀጥን በሚገባው ማቅጠኛ ይበረዛል፤ ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ባር ይበቃዋል።

ሌላም ነገር አጫወተን። የኮምፕሬሰር ካርቶን ላይ የሚጻፈው የአየር መጠን በባሕር ጠለል የተለካ ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በመቶ 83 ያህል ብቻ ነው። ሻሸመኔ ደግሞ ወደ 80 ይወርዳል። ስለዚህ «በደቂቃ 23 ሊትር» የሚለው ሞተር አዳማ ላይ 19 ያህል ብቻ ይስባል። ለ0.3 አፍ ይበቃል፤ ከዚያ ያነሰውን ግን አትመኑት።

እናንተስ ስትገዙ?

ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ ጋዜጣው ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣል። ይልቅ ገንዘባችሁን እንዲህ ከፋፍሉት።

አንደኛ፣ ትልቁን ድርሻ ለኮምፕሬሰሩ ስጡ። 3 ሊትር ያህል የአየር ማጠራቀሚያ ያለው ይሁን። ማጠራቀሚያ የሌለው ንፋሱ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል፤ ሞተሩም አያርፍም።

ሁለተኛ፣ የግፊት መቆጣጠሪያና የውኃ መያዣ ከሌለው አትውሰዱት። ይህ ቅንጦት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዘመድ ከአሜሪካ «ልላክልህ» ካለ ቮልቱን ጠይቁ። የእነሱ 120 ነው፣ የእኛ 220። ሳታዩ ሰካችሁ ማለት አቃጠላችሁ ማለት ነው!

አራተኛ፣ መርጫው መካከለኛ ቢሆንም ግድ የለም። ነገ ይቀየራል። ንጹሕና የተረጋጋ ንፋስ ካለ መካከለኛውም ያምራል፤ ንፋሱ ከተበላሸ ግን ውዱም ይተፋል።

አምስተኛ፣ ሳንባችሁ! ለሞዴል በውኃ የሚቀጥነውን አክሪሊክ ምረጡ። ማጠንከሪያ የሚደባለቅበትን የመኪና ቀለም ቤት ውስጥ በፍጹም አትርጩ፤ ጭሱ አስም ያስይዛል። የጨርቅ ማስክ የቀለም ጭስ አያቆምም፤ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል።

የእህቴ ልጅ እንዲሁ አደረገች። ገንዘቡ ለሚያብረቀርቀው መርጫ አልበቃም፤ መካከለኛውን ያዘች። ሁለተኛውን ሞዴል አዳማ ውስጥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ መስኮቷን ዘግታ፣ ወለሉን አርጥባ፣ ማስኳን አጥልቃ ቀባችው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ግድግዳው አሁን ግድግዳ ይመስላል።

ማስክ ስትገዛ ግን ሁለት ነው የገዛችው። አንዱን ለጋራዡ ሰው ወሰደችላቸው። «ይሄን አጥልቄ ቡና በየት በኩል ልጠጣ ነው?» ብለው ሳቁባት። በማግስቱ ጠዋት ስናልፍ ግን አንድ ሚኒባስ እየረጩ አገኘናቸው። አጥልቀውታል።

ቸር ሰንብቱ!