ስሙ ያልተጠራው አምበል



በዚህች ቅጠል ላይ ስለ ኳስ መጻፍ አይገባም የሚሉ አንባብያን እንዳሉ እናውቃለን። ውሃ ለመቅዳት ጀሪካን ደርድሮ በሚነጋበት ሰፈር ተቀምጦ ስለ ሚላኖ ሜዳ ማውራት የጥጋብ ወሬ ይመስላል። ዛሬ የያዝነው ወሬ ግን ኳስም ነው፣ ዝርዝርም ነው። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ዝርዝር ደግሞ ከእኛ ሰፈር ሰው በላይ የሚያውቀው የለምና እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን እንለምናለን። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹን የጻፍናቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሆነው በግንቦት ወር፣ በ2010 ነው። ሰባት ሆነን ከአሊ አዴ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርደን ነበር። አንዳንዶቻችን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረን፤ አንዳንዶቻችን ወረቀት ልናሳድስ ነው፤ ጋሼ ደግሞ ከሀገር የመጣ ዘመድ አገኛለሁ ብለው ነው። ሰባተኛው ግንበኛው ነበር። እሱ ለምን እንደ መጣ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

በዚያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ስም ተለጥፎ ነበር። ወደ ሦስተኛ ሀገር ለመሄድ ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩ ሰዎች ስም ነው። ከሰባታችን የሁለታችን ስም ወጣ። ግንበኛው ከሁላችን ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ሲሆን ስሙ የለም። ጣቱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አወረደና፣ «እሺ» ብሎ ሄደ። በማግሥቱ፣ ለአንዲት ባሏ ለሞተባት እናት ይሠራላት የነበረውን የድንጋይ ግንብ እኩሌታው ላይ ትቶ፣ መዶሻውን በከረጢት ጠቅልሎ ከእኛ ጋር መኪና ተሳፈረ። መዶሻ ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው የለም። ገብቶን ነበር። ከጅቡቲ ወደ ኦቦክ የሚሻገር ጀልባ አለ፤ ከኦቦክ ወዲያ ያለውን ባሕር ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ማደሪያችን ራስ ዲካ፣ እትዬ የምንላቸው የሀገራችን ሴት ሻይ ቤት ነበር። ቀን ቀን ሻይና ሳምቡሳ ይሸጣሉ፤ ማታ ወንበሩን ሰብስበው የቸገረውን ያሳድራሉ። ያን ቀን ቅዳሜ ነው። ሙቀቱ ከመሸም በኋላ ከግድግዳው አልወጣ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ሸሚዙን ከፍቶ ተቀምጧል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ሲሆን ማድሪድ ላይ የአውሮፓ ክለቦች የፍጻሜ ጨዋታ ተጀመረ፤ ኢንተር ሚላን ከባየርን ሙኒክ። የሚያስተላልፈው ሰው የሚናገረው በፈረንሳይኛ ስለሆነ ከስም በቀር የምንሰማው አልነበረም። ከመካከላችን ኳስ የሚያውቀው ታናሻችን ነበርና እሱ ያስረዳናል።

«ያን 4 ቁጥር አያችሁት? ክንዱ ላይ ያሰረውን? የኢንተር አምበል ነው፤ አርጀንቲናዊ ነው። ለዘንድሮው ዓለም ዋንጫ ግን አልተጠራም» አለ።

ግንበኛው ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ምን አጥፍቶ?»

«ምንም አላጠፋም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ዝርዝሩ ላይ የለማ!» አለ ታናሻችን፤ አባባሉ አስቆት ሊስቅ ጀመረና የግንበኛውን ፊት አይቶ ተወው።

የዚህን ሰው ታሪክ ከዚያ ወዲህ ጥቂት በጥቂት አሰባስበነዋል። ሃቪየር ዛኔቲ የተወለደው በ1973 ነው፤ ያደገውም ከቦነስ አይረስ አጠገብ፣ ዶክ ሱድ በሚባል የወደብ ሠራተኞች ሰፈር ነው። አባቱ ግንበኛ ነበሩ። በልጅነቱ ኢንዴፔንዲየንቴ የሚባለው ትልቅ ክለብ በታዳጊ ቡድኑ ይዞት ከቆየ በኋላ፣ አካልህ ቀጭን ነው ብሎ አሰናበተው። ልጁም ኳሱን ትቶ ከአባቱ ጋር ግንባታ ገባ፤ ጡብ አቀበለ፣ ስሚንቶ ተሸከመ። በኋላ እንደ ገና ተነሥቶ በ1992 በሁለተኛው ዲቪዚዮን ታዬሬስ ለሚባል ክለብ ተሰለፈ። በ1993 ባንፊልድ ገባ። በ1995 ኢንተር ወደ ጣሊያን ወሰደው።

በዚያ ክረምት ኢንተር ከአርጀንቲና ያመጣው ሁለት ሰው ነበር። ጋዜጠኛውና ደጋፊው የሚጠብቀው ራምበርት የሚባለውን አጥቂ ነው፤ ዛኔቲን የሚያውቀው እምብዛም አልነበረም። ራምበርት ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ክለብ ሄደ። ዛኔቲ 19 ዓመት ተጫወተ።

ተከላካይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ተመላላሽነት፣ ሲያስፈልግ በግራ፣ ሲያስፈልግ መሐል ሜዳ። የተከላካይ ሥራ እንደ ግንብ ነው፤ ቆሞ ሳለ የሚያየው የለም፤ ሲፈርስ ግን ሁሉም ይጮኻል። አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ በትከሻ ይሸከሙታል። ተከላካይ አሥር ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ቢስት ያችን አንዷን ይዘው ያማርሩታል። ዛኔቲ በዚህ ሥራ ላይ እየሮጠ፣ እምብዛም ሳይጨቃጨቅ፣ ቀይ ካርድም ሳያበዛ አረጀ። ለሀገሩ ከ140 ጊዜ በላይ ተሰለፈ። በ1998 በፈረንሳዩ ዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ላይ ጎል አግብቷል፤ በ2002ም ተጫውቷል። በ2006 ግን አሰልጣኙ ሆሴ ፔከርማን ስሙን ዘለለው። በ2010 ደግሞ ዲዬጎ ማራዶና፣ እኛ ሁላችን በልጅነታችን የወደድነው ማራዶና፣ እንደ ገና ዘለለው። ያን ጊዜ ዛኔቲ 36 ዓመቱ ነው። በዚያው ግንቦት ወር ኢንተር የጣሊያንን ሊግና የጣሊያንን ዋንጫ ሲወስድ አምበሉ እሱ ነበር። ዝርዝር ይህን ሁሉ አይጠይቅም።

ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። በ35ኛው ደቂቃ ዲዬጎ ሚሊቶ የሚባለው ሌላው አርጀንቲናዊ አገባ። በእረፍቱ ሰዓት ጋሼ ሻያቸውን ይዘው ወደ ግንበኛው ተጠጉ።

«አምበል ስትሉ ትዝ አለኝ» አሉ። «ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይ የቆምኩ ልጅ ነበርኩ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩን። ሁለት ጊዜ አቻ አደረግን። ጭማሪው ሰዓት ላይ 4 ለ 2 አሸነፍንና የአፍሪካ ዋንጫ የእኛ ሆነ። ከጃንሆይ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ የአስመራ ልጅ፣ ድሬዳዋ ለኮተን የተጫወተ። ዛሬ የት ነው ያለው? እንደኛው ከሀገሩ ወጥቶ ጣሊያን ነው። ዋንጫ ያነሣ እጅም ሻንጣ ያነሣል፣ ልጄ።»

ሉቺያኖ ቫሳሎ በ2022 ሮማ ውስጥ ዐረፈ። ጋሼ ከእሱ ቀድመው ስላለፉ ይህን አልሰሙም።

በ70ኛው ደቂቃ ሚሊቶ ሁለተኛውን አገባና ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። ለኢንተር ከ45 ዓመት በኋላ የተገኘ ዋንጫ ነው። ለዛኔቲም በክለቡ ማልያ 700ኛ ጨዋታው ነበር። ዋንጫውን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ሲያለቅስና ሲስቅ አየነው። ሻይ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ግንበኛው አልጮኸም፤ ግን እስኪጠፋ ድረስ ቴሌቪዥኑን አየ።

ሌሊት እትዬ ጣሪያው ላይ ምንጣፍ አነጠፉልን። ከታች የራስ ዲካ መንገድ ገና አልተኛም። ግንበኛው ጨለማው ውስጥ ሆኖ ተናገረ።

«ዛኔቲ ከዝርዝር ሲቀር ሚላኖ ቤት አለው። ደሞዝ አለው። በማግሥቱ የሚሰለፍበት ቡድን አለው። እኔ ከዝርዝር ስቀር ምን አለኝ?»

ማናችንም አልመለስንለትም። ስማቸው የወጣው ሁለቱ ከዚያው ምንጣፍ ላይ ተኝተዋልና አፍ አልነበረንም። ሰው ጠግቦ ሳለ ለራበው ሰው ስለ ትዕግሥት ቢነግረው ምን ይባላል? ከብዙ ዝምታ በኋላ ጋሼ፣

«ግንቡ አለህ» አሉት።

«የሰው ግንብ!» አለ በምሬት።

«ያስ ጎል የዛኔቲ ነው እንዴ?»

ግንበኛው መልስ አልሰጠም። ፊቱን አዞረ። እኛም እንቅልፍ ሳይወስደን፣ ተነሥቶ ደረጃውን ሲወርድ እንሰማ እንደሆነ ጆሯችንን ጥለን አነጋን። ቢወርድ ምን እንደምንለው ግን አላሰብንበትም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል አሸልቦን ኖሮ፣ ስንነቃ ቦታው ባዶ ነው። ከረጢቱም የለም። ታናሻችን ጫማውን ሳያጠልቅ ወደ ታች ሮጠ። ጀልባው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ የሚያውቅ አልነበረም። እትዬን ብንጠይቅ አላየሁም አሉ። እርስ በርሳችን መተያየት አቃተን። ማታ አንዲት ቃል፣ «አትሂድ» የምትለዋን፣ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አላወጣትም ነበርና።

ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ግንበኛው በመንገዱ ማዶ ብቅ አለ። በአንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው አንድ ጥቅል ሲባጎ ይዟል። ግንበኞች ድንጋይ ሲደረድሩ መስመር የሚይዙበት ሲባጎ ነው። ዳቦውን ለእትዬ ሰጠና ከእኛ ጋር ተቀመጠ።

«መስመሩ ተጣሞብኝ ነበር» አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

ኳስ አስቀረው ብለን አንዋሽም። የጀልባው ዋጋ ከእጁ በላይ ሆኖበት ይሆናል፤ የባሕሩን ወሬ ሰምቶ ይሆናል፤ የጋሼ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ከንክኖት ይሆናል። እሱ አልነገረንም። እኛ የምናውቀው በማግሥቱ አሊ አዴ ተመልሶ፣ ሲባጎውን ወጥሮ፣ የተጣመሙትን ሁለት ረድፍ ድንጋዮች አፍርሶ እንደ አዲስ እንደጀመረ ነው። ግንቡን ጨረሰላት። ከዚያም የሌላውን ሠራ፤ የሚያግዙትንም ልጆች ማስተማር ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ የዛኔቲን ወሬ ከእኛ ይጠይቅ ጀመር። በሚያዝያ 2013 ፓሌርሞ ላይ የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ወደቀ። 39 ዓመቱ ነበር፤ አበቃለት ተባለ። ግንበኛው በየሳምንቱ «ያ ሰውዬ ተነሣ?» ይለናል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ 40 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ተመልሶ ሜዳ መግባቱን ስንነግረው፣ መዶሻውን አስቀምጦ እጁን አራገፈና ተመልሶ አነሣው። ዛኔቲ በ2014 ለኢንተር 858 ጨዋታ ተጫውቶ ጫማውን ሰቀለ። ክለቡም 4 ቁጥርን ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ወሰነ።

ከሰባታችን ሁለቱ ያን ጊዜ በወጣው ስማቸው ሄዱ። ጋሼ እዚሁ ዐረፉ። የግንበኛው ስም የወጣው ከዚያ ግንቦት በኋላ በሰባተኛው ዓመት ነው። መዶሻውን ካስተማራቸው ልጆች ለአንዱ ሰጥቶ ሄደ። እኛ የቀረነው ሦስታችን፣ እነሆ፣ ይህችን ቅጠል እንጽፋለን።

ባለፈው ዓመት ስልክ ደወለ። ያለበት ሀገር በረዶ ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ራሽኑ ጠየቀን። በመጨረሻም፣

«ግንቡ ቆሟል?» አለ።

«ቆሟል» አልነው፤ ሳናይ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነገሩ ሆዳችንን ቆረጠንና ሄደን አየን። ጎርፍ አንዱን ማዕዘን ወስዶታል። ድንጋዩ ወደ ሸለቆው ተንከባልሎ ተበትኗል። ያቺ እናት በቀዳዳው ሸራ ወጥራ ተቀምጣለች፤ ለማንም አልተናገረችም። የሰጠነው ቃል ውሸት ሆኖ እንዳይቀር፣ ሦስታችንም ግንባታ የማናውቅ ሰዎች፣ ድንጋዩን እየለቀምን ሁለት ጠዋት ደከምን። ሲባጎው አልበሰበሰም፤ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ተጠቅልሎ አገኘነው። ያ ልጅ መዶሻውን ይዞ መጣና ስንሳሳት አረመን።

ማዕዘኑ ጥቂት ወደ ግራ ያዘነብላል። ግን ቆሟል።

አዲስ ዝርዝር በዚህ ወር መጨረሻ ይለጠፋል ተብሏል። ስማችሁ የወጣ፣ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ስትሄዱ መሣሪያችሁን ለሚቀር ሰው ትታችሁ ሂዱ። ስማችሁ ያልወጣ፣ በማግሥቱ ጠዋት ወደዚያ ግንብ ብቅ በሉ። ከጎርፉ ወራት በፊት የሚሠራ አንድ ተጨማሪ ረድፍ አለ፤ ሲባጎውም እዚያው ነው።

ቸር ያሰንብተን።