ባለመናገር የሚቀር ደጃዝማችነት

ሐበሻ በነፃ የተሰጠውን ነገር መጠየቅ ያፍራል። «የሰጡኝን ተቀብዬ ዝም ልበል እንጂ ደግሞ ምን ብዬ ላማርጥ» ይላል። ይሉኝታ አገር ቤት ያስከብራል፤ በአሜሪካ ሐኪም ቤት ግን ብዙ ሰው ይጎዳል። ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት የሕክምና መድን በያዙ ወገኖች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። ለዚህም ብዙ ወገን የሚኖርበትን የሜሪላንድን አሠራር ማየት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1965 የተደነገገው ሜዲኬይድ ቀድሞ በአብዛኛው ሐኪሙ ላከናወነው ለእያንዳንዱ ሥራ ይከፍል ነበር። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1997 «ሄልዝቾይስ» የተባለውን ፕሮግራም ከጀመረች ወዲህ ግን አብዛኛው ባለካርድ የአንድ የጤና ድርጅት አባል ይሆናል። መንግሥት ስለ እያንዳንዱ አባል በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ለድርጅቱ ይሰጣል፤ ድርጅቱም ውል ለገቡት ሐኪሞች ይከፍላል። አባሉ ወሩን ሙሉ ሐኪም ቤት ባይረግጥ እንኳ የወር ክፍያው አይቀርም። እንግዲህ ነፃ የሚባለው ሕክምና በአባሉ ስም የተከፈለበት ነው፤ ገንዘቡም ታክሲ ነጂውና የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው ጭምር ከሚከፍሉት ግብር የመጣ ነው።

ሐኪሙም የራሱ ጣጣ አለበት። ከድርጅቱ ጋር ውል ከሌለው በተለመደው ቀጠሮ ክፍያ አያገኝም፤ ለአንዳንዱ ምርመራም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። እንግዳ ተቀባይዋ «ይህን ካርድ አንቀበልም» ስትል ብዙ ጊዜ ነገሩ የውል እንጂ የንቀት አይደለም። የተከፋው ሰው አንገቱን ደፍቶ ከሚመለስ «የትኛውን ትቀበላላችሁ?» ቢል ይሻለዋል።

የምርጫው ወረቀት በፖስታ ይመጣል። ፖስታውን ከማስታወቂያ ጋር የጣለች እናት ሳትመርጥ ትመደባለች፤ ልጇን ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ሐኪም በዚያ ድርጅት ላይኖር ይችላል። ይህም ቢሆን መፍትሔ አለው። በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ያለ ምክንያት ድርጅት መለወጥ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላም በ12 ወር አንድ ጊዜ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የአስተርጓሚው ነገር ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ለሐኪም እንዲያስረዳ ይደረጋል። እናት በልጇ ፊት የማይነገረውን ትውጠዋለች፤ ሐኪሙም ግማሹን ብቻ ሰምቶ መድኃኒት ያዛል። አስተርጓሚ ግን ያለ ክፍያ የሚገኝ መብት ነው፤ ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግ መናገር ነው።

ሕክምና ሲከለከልም በደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ለድርጅቱ ይግባኝ ማለት፣ ድርጅቱ እምቢ ካለም በክፍለ ግዛቱ ዘንድ መሰማት ይቻላል። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።

ካርዱም መታደስ አለበት። በኮቪድ ምክንያት ቆሞ የነበረው ከመድኑ የማስወጣት ሥራ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ሲመለስ፣ በመላ አገሪቱ ብዙዎች የወጡት ገቢያቸው ስለበለጠ ሳይሆን ወረቀቱን ስላልመለሱ ወይም አድራሻ ስለለወጡ ነው። እንግሊዝኛው የከበደው ሰው ፖስታውን ይዞ ወደሚያውቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት ቢሄድ ነውር የለውም።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለጓዳ ወሬ ይሠራ ይሆናል፤ ዝም የተባለ ሕመም ግን ይነቅዛል። እዚህ አገር የሚሠራው ሌላው ተረት ነው፦ ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።