የጥቅምት ብርድና የሃሌ ትቢያ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ጥቅምት በረከቱንና ቅጣቱን አስተሳስሮ የሚመጣ ወር ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ደመናው ስለሚገፈፍ ሰማዩ ይጠራል፣ ሰማዩ ስለጠራ ደግሞ ምድሪቱ ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ትለቀዋለች፣ በዚህም ምክንያት ውርጩ ይበረታል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ብሂል ለዚህ ብርድ መድኃኒት የሚያዘው ከሥጋ ቤት ሲሆን፣ ሰማይ መመልከት የሚወዱ ጥቂት ሰዎች ግን ምክሩን ወደ ጎን ብለው በዚያው ብርድ መሐል ሜዳ ላይ መተኛትን መርጠዋል። እነዚህ ሰዎች ጥቅምት 11 ቀን ግድም፣ ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ጋቢና ቡሉኮ ተከናንበው፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ቆሎ በፌስታል ይዘው፣ ከመብራት ራቅ ባለ ቦታ በጀርባቸው ተንጋለው ተወርዋሪ ኮከብ ይጠብቃሉ። ልማዱ ከሩቅ ለሚያየው ሰው የሥራ ፈት ይመስላል፤ ታሪኩ ሲመረመር ግን ከሚጠበቀው ብርሃን ጀምሮ አብሮ እስከሚጠብቀው ወዳጅ ድረስ ሁሉም የየራሱ የዘር ሐረግ ያለው ሆኖ ይገኛል።

ተወርዋሪ ኮከብ የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ የጠፈር ብናኝ ወደ ምድር ከባቢ አየር ሲገባ የሚፈጠረው ብርሃን ነው። ብናኙ በታላቅ ፍጥነት ስለሚመጣ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፣ ከአየሩ ጋር በሚያደርገው ግጭትም ግሎ ይተናል፣ የተነነው ቁስና በዙሪያው ያለው አየር ለአፍታ ያበራሉ፤ ይህ ሁሉ የሚከናወነው ከምድር በላይ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ምድር በዓመታዊ ዙረቷ በእንዲህ ያለ ብናኝ የተሞላ መስመር አቋርጣ ስታልፍ የሚታዩት ተወርዋሪዎች ስለሚበዙ ክስተቱ የተወርዋሪ ከዋክብት ውርጅብኝ ይባላል። ብናኞቹ ጎን ለጎን የሚጓዙ ቢሆኑም ከታች ለሚመለከታቸው ሰው ሁሉም ከአንድ የሰማይ ማዕዘን የሚፈልቁ መስለው ይታያሉ፤ ይህ ማዕዘን መፍለቂያ ነጥብ ሲባል፣ ውርጅብኙም ስሙን የሚያገኘው መፍለቂያው ካለበት የከዋክብት ስብስብ ነው። የጥቅምቱ ውርጅብኝ መፍለቂያ፣ መጽሐፈ ኢዮብ ጭምር በስም በሚያነሣው በኦሪዮን ውስጥ ስለሚገኝ፣ ውርጅብኙ ኦሪዮኒድስ ይባላል።

ኦሪዮኒድስ በፍጥነቱ እንጂ በብዛቱ የሚታወቅ አይደለም። ብናኞቹ ከባቢ አየሩን የሚገጩት በሰከንድ 66 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ሲሆን፣ ቁጥራቸው ግን በተለመደው ዓመት፣ ጨረቃ በሌለበትና ሰማዩ ፍጹም በጨለመበት ቦታ እንኳ፣ በሰዓት ከ20 እምብዛም አያልፍም። ይህ ማለት አንድ ታዛቢ በአማካይ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚያልፍ ነገር ያያል ማለት ነው። በዚህም የተነሣ በየስብስቡ አንድ ዓይነት ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ አንዱ «ያውና!» ብሎ ሲጮህ ሌላው ሻይ እየቀዳ ነው፣ ሦስተኛው አንገቱን ሲያዞር ሰማዩ እንደነበረው ነው፣ «የታለ?» ለሚለው ጥያቄ «አመለጠህ» የሚል መልስ ይሰጣል፣ ያላየውም ያየውን በውሸት ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ያገኛል፤ ቃሉ ከአፍ እስኪወጣ ብናኙ ተንኖ አልቋልና። የሌሊቱ ደማቅ ተወርዋሪ ምንጊዜም የሚያልፈው ሻይ ቀጂው ጎንበስ ባለበት ቅጽበት ነው የሚለው እምነት በታዛቢዎች ዘንድ የጸና ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ማስረጃ ባይገኝለትም እስካሁን የሚቃወመው ሻይ ቀጂ አልተገኘም።

ክርክሩ የሚያስቅ ቢሆንም የትውልድ ሐረጉ የተከበረ ነው፤ የተወርዋሪ ኮከብ ከፍታ የተለካው ሁለት ወዳጆች በአንድ ሌሊት ያዩት ነገር አንድ መሆኑን በማመሳከር ነበርና። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ አብዛኞቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ተወርዋሪ ኮከብን እንደ መብረቅ ሁሉ አየር ውስጥ የሚወለድ ነገር አድርገው ይቆጥሩት ነበር፤ ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ እ.ኤ.አ. በ1794 ባሳተመው መጽሐፍ ከሰማይ የሚወድቁ ድንጋዮችና የእሳት ኳሶች ከጠፈር የሚመጡ ናቸው ብሎ ሲጽፍም ብዙዎች አልተቀበሉትም። ከአራት ዓመት በኋላ ሃይንሪክ ብራንደስና ዮሃን ቤንዘንበርግ የተባሉ የጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በመምህራቸው በጌኦርግ ሊኽተንበርግ አበረታችነት፣ ቀላል የሚመስል ሙከራ ጀመሩ፤ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው በሁለት ቦታ ተቀምጠው አንዱን ሰማይ እየተመለከቱ እያንዳንዱ ተወርዋሪ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ኮከብ አጠገብ እንዳለፈ ይመዘግቡ ጀመር። አንድ ነገር ከሁለት ቦታ ሲታይ ከበስተኋላው ካሉት ከዋክብት አንጻር ቦታው የተለያየ ይመስላል፤ ይህ ልዩነትና በተመልካቾቹ መካከል ያለው ርቀት ከታወቁ የነገሩን ከፍታ በስሌት ማግኘት ይቻላል። ሁለቱ ወጣቶች የዚያን ዓመት የመጸው ሌሊቶች በዚህ ሁኔታ አሳልፈው ከመዘገቧቸው 402 ተወርዋሪዎች ውስጥ ሁለቱም ያዩዋቸው ሆነው የተገኙት 22 ብቻ ሲሆኑ፣ የተቀሩት ሁሉ «የታለ?» የሚያሰኙ ነበሩ። እነዚያ 22 ግን በአማካይ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መገኘታቸው ነገሩ ከደመናና ከመብረቅ ሠፈር እጅግ ርቆ የሚፈጸም መሆኑን አሳየ፤ ለዚህ ግኝት ያስፈለገውም ሁለት ሰዓት፣ ሁለት መዝገብና አንድ የሚታመን ወዳጅ ነበር።

ከሁለት ወዳጆች ወደ ብዙ ሕዝብ የተደረገው ሽግግር የተፈጸመው በፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1833 ከንጋት በፊት በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ሰማይ ላይ ተወርዋሪዎች ሊቆጠሩ በማይችሉበት ብዛት ሲዘንቡ፣ ብዙ ሰው የፍርድ ቀን ደረሰ ብሎ ለጸሎት ተንበረከከ፤ በዚያን ጊዜ በሜሪላንድ በባርነት ይኖር የነበረው ፍሬድሪክ ዳግላስ ያን ሌሊት በሕይወት ታሪኩ መዝግቦታል፣ የላኮታ ሕዝብም ዓመቱን ከዋክብት የወደቁበት ብለው በሥዕል የዘመን መዝገባቸው አስቀምጠውታል። የየል ኮሌጅ መምህር የነበረው ዴኒሰን ኦልምስቴድ ግን ያዩትን ሁሉ እንዲጽፉለት ሕዝቡን በጋዜጣ ጠየቀ፤ ከየአካባቢው የደረሱትን መልሶች ሲያነጻጽርም ተወርዋሪዎቹ ሁሉ የአንበሳ ስብስብ ከሚባለው የሰማይ ክፍል የፈለቁ ሆነው ስላገኛቸው ምንጫቸው ከምድር አየር ውጭ ነው ብሎ ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ1868 ደግሞ የቫሳር ኮሌጅ የሥነ ፈለክ መምህርት ማሪያ ሚቼል ከሴት ተማሪዎቿ ጋር ሆና 4 ሺህ ያህል ተወርዋሪዎች የሄዱበትን መስመር መዘገበች፤ ይህም ቁጥር አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ጥንድ ዓይን ሊደርስበት የሚችለው አይደለም። ኦሪዮኒድስም የታወቀው በዚሁ ዘመን ሲሆን፣ የኒው ሄቨኑ ኤድዋርድ ሄሪክ በጥቅምት ወር ተወርዋሪዎች እንደሚበዙ እ.ኤ.አ. በ1839 አስተውሎ፣ እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኸርሸል በ1864 እና በ1865 መፍለቂያቸው ኦሪዮን ውስጥ መሆኑን አረጋግጧል።

ከዋክብት ከስፍራቸው ሲናወጡ መፍራት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ በተወሰነላቸው ጊዜ ስላልወጡ ታስረው የሚቀጡ ሰባት ከዋክብትን ይጠቅሳል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ብርድ ላይ ተኝተው እስከ 9 ሰዓት ሦስት ተወርዋሪ ብቻ የቆጠሩ ወዳጆች ይህን ፍርድ ተገቢ ሆኖ ቢያገኙት የሚፈረድባቸው አይሆኑም።

ኦሪዮኒድስን የሚያስገኘው ብናኝ ባለቤቱ የታወቀ ነው፤ እርሱም የሃሌ ጅራታም ኮከብ ነው። ጅራታም ኮከብ በረዶና አቧራ የተቀላቀሉበት አካል ሲሆን፣ ወደ ፀሐይ በቀረበ ቁጥር በረዶው እየተነነ አቧራውን በመንገዱ ላይ ይበትናል። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌ እ.ኤ.አ. በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት ጅራታም ኮከቦች አንድና ያው መሆናቸውን በስሌት ስላሳየ ኮከቡ በስሙ ተጠርቷል፤ በየ76 ዓመቱ ገደማ የሚመለሰው ይህ አካል በ1978 ዓ.ም ሲመጣ ጆቶ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርባው፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውንና እጅግ ጥቁር የሆነውን እምብርቱን ፎቶግራፍ አንስታለች። የሚያስገርመው ነገር የኮከቡ የአሁን ምሕዋር፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞርበት መንገድ፣ ምድር በጥቅምት ከምታልፍበት ቦታ ከ20 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በጥቅምት የሚታየው ትቢያ ምሕዋሩ ሌላ በነበረበት በጥንት ዘመን የተበተነ ነው። ኦሪዮኒድስ ከወትሮው በረታ ብሎ የታየበትን የ1999 ዓ.ም ውርጅብኝ ያጠኑ ባለሙያዎች የዚያን ብናኝ ዕድሜ 3 ሺህ ዓመት ገደማ አድርገው አስልተውታል፤ ትቢያው ከኮከቡ የተለየው አክሱም ከመቆርቆሯ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው ማለት ነው።

ለዚህ ሌሊት ከሚመቹ የኢትዮጵያ ከተሞች አንዷ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘውና በብርዷ ስሟ የወጣው ደብረ ብርሃን ናት፤ እርሷም ልደቷን የምትቆጥረው ከሰማይ ብርሃን ነው። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ከተወገሩ 38 ቀናት በኋላ በ1448 ዓ.ም ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም ብርሃኑን የሥራቸው ማጽደቂያ አድርገው ተቀብለው በቦታው ከተማ ቆረቆሩ። የሃሌ ኮከብ በዚያው ዓመት መታየቱ ስለሚታወቅ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች የደብረ ብርሃን ብርሃን እርሱ ነው ይላሉ፤ ሆኖም የንጉሡ ብርሃን የታየው በመጋቢት፣ ኮከቡ በጉልህ የታየው ደግሞ በግንቦት ማብቂያና በሰኔ በመሆኑ፣ ሁለቱን ለማገናኘት ሦስት ወር ገደማ ይጎድላል። ኮከቡ በዚያ ሰሞን አውሮፓ ውስጥ ቤልግሬድን ሊከብብ ከተነሣው የኦቶማን ጦር ጋር ተያይዞ የመዓት ምልክት ተደርጎ ሲፈራ፣ ሸዋ ላይ የታየው ብርሃን የምሥራች ሆኖ መቆጠሩ፣ ሰማይ የሚናገረው ምንጊዜም ታች ያለው ሰው ሊሰማ የፈለገውን መሆኑን ያስረዳል።

ለታዛቢዎች የሚጠቅመው ግን ሌላ እውነት ነው። ሰሜናዊው ዓለም የሚያወድሰው የነሐሴው ፐርሴይድስ ውርጅብኝ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከክረምት ደመና ጀርባ ሲያልፍ፣ ኦሪዮኒድስ ግን ሰማዩ በጠራበት ወቅት ይመጣል፤ መፍለቂያውም ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ በምሥራቅ ወጥቶ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ከአናት በላይ ይደርሳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተወርዋሪ የሚበዛውም፣ በዝናብ የሚሮጥ ሰው ከጀርባው ይልቅ በደረቱ እንደሚርስ ሁሉ፣ በዚያ ሰዓት ተመልካቹ ያለው ምድር በምትገሰግስበት ወገን ስለሆነ ነው። ሥራው ቴሌስኮፕ አይጠይቅም፣ እንዲያውም የቴሌስኮፕ ጠባብ እይታ እንቅፋት ነው፤ የሚያስፈልገው ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ስልክ አለመክፈት፣ ሰማዩን አራት ወገን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ወዳጅ አንዱን ማደል፣ ቁጥር የሚይዝ አንድ ሰው መሾምና ሻይ መቅዳትን በተራ ማድረግ ነው። ብራንደስና ቤንዘንበርግ ካሳዩት እንደሚታወቀው ወዳጅ የዚህ ምልከታ ማጣፈጫ ሳይሆን ዋናው መሣሪያ ነውና፣ ብቻውን የወጣ ሰው ያየውን የሚመሰክርለት አያገኝም።

የሃሌ ጅራታም ኮከብ ራሱ ተመልሶ ለፀሐይ የሚቀርበው ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም እንደሚሆን ተሰልቷል። ሐምሌ በደብረ ብርሃን የዝናብና የጉም ወር በመሆኑ ባለቤቱን ከደጅ ቆሞ ለመቀበል ያሰበ ሰው የሚያገኘው ደመና ሊሆን ይችላል፤ ትቢያው ግን በየዓመቱ በጥቅምት ይመጣል፣ ስለዚህ የዘንድሮውን ሌሊት ለማየት ያሰበ ሰው ጋቢውንና ወዳጆቹን ከወዲሁ ያዘጋጅ።