ሳንሞክር ጫንን



ዶርም ውስጥ ሦስታችን የምንጠቀመው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ሊቀርብ አራት ቀን ሲቀረው ዊንዶውሱን አጥፍተን ኡቡንቱ ጫንንበት። ፈጠነ፤ ዋይፋዩ ግን አልሠራም። የካርዱ አምራች ድራይቨሩን ክፍት ስላላደረገው ለብቻው መውረድ አለበት። ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ላፕቶፑ ደግሞ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የለውም።

ሁለት ቀን «አንተ ነህ ያስቸኮልከን» እየተባባልን ተኮራረፍን። በሦስተኛው ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ያማከርነው ወንድም ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ዳታውን አጋራን። «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለው ውስጥ ገብተን ድራይቨሩን ጫንን። አልሐምዱሊላህ፣ ፕሮጀክቱም ደረሰ።

መድረሳ ሳለን የትናንቱን ለኡስታዛችን ሳናሰማ ወደ አዲሱ አናልፍም ነበር። እዚህ ግን ያንን ረሳን። ኡቡንቱ ሳይጫን ከፍላሽ ተነሥቶ ይሞከራል፤ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ካሜራውን ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃን ነበር።

ለመጫን ያሰባችሁ መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ከዚያ ሞክሩ። ፍላሹ እኛ ጋ አለ። ከዙሁር በኋላ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ኢንሻአላህ አብረን እናያለን።