አጎዛና የበረዶ አልጋ

ህዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ ከፈካ እናቴ እንቅልፍ አይወስዳትም። ደመና የሌለበት ሌሊት ሙቀት ይዞ አያድርም፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ፣ ማታ አረንጓዴ የነበረው ባቄላ ጠቁሮ ይገኛል። ከአሰላ ወጣ ብሎ ጭላሎ ግርጌ ያደገ ሰው ውርጭን የሚያውቀው እንዲህ፣ በጉሮሮው ነው።

ስዊድንንም ልጅ ሆኜ የሰማሁት ከእርሻ ጋር ነው። ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ ተቋቁሞ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ያቀርብ ነበር። ስለ አገሩ በረዶ ግን የነገረኝ አልነበረም። እኛ በረዶ ብለን በአንድ ስም የምንጠራውን ስዊድኖች የሚዘንበውን ለብቻ፣ የረጋውን ለብቻ ይሰይሙታል።

ታህሳስ መጨረሻ ላይ በሰሜን ስዊድን፣ ከኪሩና አጠገብ፣ ዩካስየርቪ መንደር፣ በበረዶ ሆቴል አደርኩ። ከ30 ዓመት በላይ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል። የቶርኔ ወንዝ ሲረጋ 2 ቶን ያህል የሚመዝን ጉማጅ እየቆረጡ ለመጪው ዓመት ያከማቻሉ፤ ግድግዳውን በብረት ቅርጽ ላይ በረዶ ነፍተው ያቆሙታል። በጸደይ ሟሙቶ ወደ ወንዙ ይመለሳል። እኛም ለሰርግ ዳስ ጥለን እናፈርሳለን፤ ዳሳችን ላይ ግን ማንም አበባ አይቀርጽም። እነዚህ ሰዎች እንደሚሟሟ እያወቁ ይቀርጻሉ፤ አንዱ ቅርጽ ፊት ቆሜ ብዙ አየሁት።

ክፍሉ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ነበር። አልጋው በረዶ፣ ላዩ ፍራሽ፣ ከፍራሹ በላይ ደግሞ የሬንዲር፣ የሰሜኑ አጋዘን፣ ቆዳ። ቆዳውን ስነካው እጄ አወቀው፤ ቤታችን መደቡ ላይ የሚነጠፈው አጎዛ ነው። የሬንዲር ጸጉር ውስጡ ክፍት ስለሆነ አየር ይይዛል አሉኝ። እናቴ ይህንን በሌላ አነጋገር ታውቀዋለች፦ ብርድ ከላይ አይመጣም፣ ከመሬት ነው የሚወጣው፤ ጋቢ ከመደረብሽ በፊት አንጥፊ።

ጠዋት ትኩስ የቤሪ ጭማቂ አልጋዬ ድረስ አመጡልኝ። እሱን ይዤ ደወልኩላት። በረዶ ላይ ማደሬን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ምን አንጥፈሽ ነው የተኛሽው?»

«ቆዳ፣ እማዬ። ጸጉሩን ወደ ላይ አድርጌ።»

«እሰይ ልጄ» አለችና ዘንድሮ ገብሱ ከውርጭ ተርፎ አውድማ መድረሱን ትነግረኝ ጀመር።